የጠራ ውሃ ሁሉ ጥራት አለው ወይ? ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ ነው። ጠያቂዋ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ቤቷም ከሐይቁ ብዙ አይርቅም። ባጭሩ እንዲህ ትላለች፦

«ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ላይ አረንጓዴ ቀለም የተደፋ ይመስላል። ከሰዓት ሳልፍ ግን የለም። በቅርቡ ላንጋኖ ሄደን ነበር። ውሃው ቡናማ ነው፤ እጅሽን ክንድ ድረስ ብትከቺ መዳፍሽ አይታይም። ሰዉ ግን ሳይሰጋ ይዋኛል። የኛ ሐይቅ ከዚያ በጣም ይጠራል። ታዲያ ልጆቼ እዚሁ ቢዋኙ ምን ችግር አለው? ቧንቧ ሲጠፋስ የሐይቁን ውሃ አጥርቼ፣ አፍልቼ ብንጠጣው? ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ድሮ እንዲህ አልነበረም ይላሉ። ሐይቁ ተመልሶ ይጠራ ይሆን?»

እህቴ፣ ደግ አድርገሽ ጠየቅሽ። ለልጆችሽ የሚያስፈልገውን ላስቀድም። ያ አረንጓዴ ነገር ባለበት ቀን ውሃው ውስጥ አይግቡ፤ ዳር ላይ ሆነውም አይጫወቱበት። የሐይቁን ውሃ አጠራሽውም አፈላሽውም ለመጠጥና ለምግብ አትጠቀሚበት። ሐይቁ ይመለሳል ወይ ላልሽው፣ መሻሻል ይችላል፤ ግን ከብዙ ሐይቆች ይልቅ ይከብደዋል። ምክንያቱን አንድ በአንድ ልንገርሽ።

አማርኛችን እዚህ ላይ ያሳስተናል። «ጠራ» እና «ጥራት» ከአንድ ግንድ የወጡ ቃላት ናቸው። የጠራ ውሃ ስንል ኩልል ያለውን፣ ታች ያለው ጠጠር የሚታየውን ማለታችን ነው። የውሃ ጥራት ስንል ደግሞ ለጤና መሆን አለመሆኑን። በአፋችን አንድ ስለሆኑ በልባችንም አንድ ይሆናሉ። በውሃ ሥራ ግን ሁለቱ ለየብቻ ነው የሚለኩት፤ አንዳንዴም ጭራሽ ተቃራኒ ናቸው። ሰው ሲሳሳት የማየው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። የጠራውን ያምናል፣ የደፈረሰውን ይፈራል።

ቤትሽ ልትሠሪው የምትችዪው ነገር አለ። ሦስት ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ውሰጂ። አንዱን ጠዋት ሐይቁ ዳር አረንጓዴው ካለበት ሙዪው። ጓንት ወይም ፌስታል እጅሽ ላይ አድርጊ። ሁለተኛውን ዝናብ ከጣለ በኋላ ከመንገድ ዳር ቦይ ቅጂ። ሦስተኛው የላንጋኖ ውሃ ነው፤ የሚሄድ ሰው ካለ አስመጪ። ሦስቱንም መስኮት ላይ አስቀምጪና ሳትነኪያቸው ይደሩ። እኔ ይህን ተማሪዎች ሲመጡ ሁሌ አሳያለሁ። በማግስቱ የቦዩ ውሃ ሁለት ጣት የሚያህል ጭቃ ከታች አስቀምጦ ከላይ ቀጭን ሻይ ይመስላል። የሐይቁ ደግሞ አረንጓዴው ሁሉ ወደ ላይ ወጥቶ የጠርሙሱ አንገት ላይ ቀለበት ሠርቷል፤ ከስር ያለው ውሃ ጠርቷል። የላንጋኖው ትናንት እንደነበረው ነው። አልሰጠመም፣ አልተንሳፈፈም።

እንግዲህ «ደፍርሷል» የምንለው ነገር ሦስት የተለያየ ነገር ነው ማለት ነው።

የሰጠመው አፈር ነው። ከእርሻ፣ ከተራቆተ ተዳፋት፣ ከግንባታ ቦታ ጎርፍ ያመጣው። የላንጋኖውም ከመሬት የመጣ ነው። ግን ቅንጣቶቹ እጅግ የደቀቁ ስለሆኑ ውሃው ተሸክሟቸው ይኖራል። ላንጋኖ የተፈጥሮ ቀለሙ ነው፤ ታሞ አይደለም። ሐዋሳ ላይ የተንሳፈፈው ግን ሕይወት ያለው ነገር ነው። በጥቅሉ አልጌ እንለዋለን፤ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ዋቅላሚ ይለዋል። የአንቺ ዓይነቱ በትክክለኛ ስሙ ሳያኖባክቴሪያ ይባላል። በሐይቆቻችን ውስጥ ከሚታወቁት ዋነኛው ማይክሮሲስቲስ ነው። በአጉሊ መነጽር ስታዪው እንደ ደቀቀ ጎመን ያለ ቅንጣት ነው።

ለምን ጠዋት ታይቶ ከሰዓት ይጠፋል? ይህ ሁሌም ይገርመኛል። ማይክሮሲስቲስ በየሴሉ ውስጥ አየር የያዙ በጣም ትንንሽ ከረጢቶች አሉት። ቀን ብርሃን ሲያገኝ ስኳር ይሠራል፤ ያ ይከብደውና ወደ ታች ይወርዳል። ሌሊት ስኳሩን ሲጨርስ ይቀልና ይንሳፈፋል። ሌሊቱ ነፋስ ከሌለው ሁሉም ላይ ላዩን ይሰበሰባል። ንጋት ላይ ቀስ ያለ ነፋስ ሲመጣ ወደ አንዱ ዳር ይገፋዋል። ከምሳ በኋላ ነፋሱ ሲበረታ ማዕበሉ ይበጠብጠውና ከውሃው ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ ከሰዓት አልጠፋም። እዚያው ነው፤ ተበትኗል። አንዱ ሆቴል ፊት ለፊት ውሃው ቀለም መስሎ፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ደህና የሚመስለውም በነፋሱ ነው።

አረንጓዴ ያየሽው ሁሉ ግን ይህ አይደለም። ረዘም ያለ እንጨት ውሰጂና ንከሪው። እንጨቱ ላይ እንደ ፀጉር ተንጠልጥሎ ከወጣ ብዙውን ጊዜ ተራ አልጌ ነው። ያስጠላል እንጂ አይመርዝም። እንጨቱ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ የወጣ ከመሰለ ግን ሳያኖባክቴሪያ ነው። ዳር ላይ ደርቆ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ነጣ ያለ ውሃ ሰማያዊ ሲለወጥ ካየሽ ይበልጥ ራቂ። ሴሎቹ ሞተው ፈንድተዋል፤ ውስጣቸው የነበረው ሁሉ ውሃው ውስጥ ተለቋል ማለት ነው።

ውስጣቸው ምን አለ? ማይክሮሲስቲስ ብዙ ጊዜ ማይክሮሲስቲን የሚባል መርዝ ይሠራል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ሁሉም ዝርያው አይደለም። መርዝ ያለውንና የሌለውን ግን በዓይን መለየት አይቻልም። ማይክሮሲስቲን የሚጎዳው ጉበትን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሰው ዕድሜ ልኩን ለሚጠጣው ውሃ ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው። ይህ ምን ያህል እንደሆነ በቦቴ ላስረዳሽ። 10,000 ሊትር የሚይዙ መቶ ቦቴዎች ደርድሪ። በመቶውም ውስጥ በድምሩ 1 ግራም ብቻ ሲኖር ነው ልኩ የሚደርሰው። ከኛ ውሃዎች ይህ መርዝ በከፍተኛ መጠን ከተለካባቸው አንዱ ቆቃ ነው። ሐዋሳ የቆቃን ያህል አይደለም። ነፋስ አንድ ጥግ ላይ የሰበሰበው አረንጓዴ አረፋ ግን ሌላ ነገር ነው። መሀል ሐይቅ ላይ ከሚለካው በብዙ እጥፍ የተጠራቀመ ነው። ልጆች ደግሞ የሚጫወቱት ጥጉ ላይ ነው። ሲዋኙም ውሃ ይውጣሉ። ውሻና ከብትም እንዲሁ ከዚያው ጥግ ይጠጣሉ፤ ያሉሽ እንደሆነ እነሱንም ከልክያቸው።

አንድ ነገር ግን ማስተካከል እፈልጋለሁ። ሐዋሳ እንደ ምንጭ ውሃ መሆን አለበት ብለሽ አታስቢ። ድሮም አልነበረም። ቆሮሶ የሚኖረው አልጌ በልቶ ነው። አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳዎቹ ከበው የሚጠብቁት አሳ፣ የምትበዪው ጥብስና ሾርባ፣ መነሻው ያው አረንጓዴ ነው። ሐይቁ እንደ ብርጭቆ ቢጠራ አሳው ይራባል። መጠነኛ አረንጓዴነት የሐይቁ ጤና ነው። ችግሩ ሲበዛና አንዱ ዓይነት ሌላውን ሁሉ ውጦ ለብቻው ሲነግሥ ነው።

ታዲያ መብዛቱ በምን ይታወቃል? በዲስክ። እ.ኤ.አ. በ1865 አንጀሎ ሴኪ የሚባል ጣሊያናዊ ካህን፣ የከዋክብት ተመራማሪም ነበር፣ የጳጳሱ መርከብ ላይ ሆኖ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ነጭ ሳህን በገመድ እያወረደ ስንት ሜትር ላይ ከዓይን እንደሚሰወር መዘገበ። እስከ ዛሬ የምንጠቀመው ይህንኑ ነው። ለሐይቅ የሚሆነው ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ሆኖ አራት ቦታ ተከፍሎ ሁለቱ ጥቁር፣ ሁለቱ ነጭ የተቀባ ክብ ነው። በሐዋሳ ላይ ስወርድ ጀልባውን ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐይቁ ዳርቻ እንከራያለን። መሀል ላይ ሞተሩ ይጠፋል። ጀልባው ጥላ ባጠላበት በኩል ጎንበስ እልና ገመዱን እለቃለሁ። ገመዱ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቋጠሮ አለው። ነጩ መጀመሪያ ቢጫ ይመስላል፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ የለም። እዚያ ላይ አንድ ቋጠሮ እይዛለሁ። ቀስ ብዬ ስስብ ብቅ ይላል፤ ሌላ ቋጠሮ። የሁለቱ አማካይ ነው መልሱ። አብሮኝ የሚሄደው ጀልባ ነጂ አሁን ከኔ ቀድሞ «ጠፋ!» ይላል፤ ዓይኑ ከኔ ይሻላል። ብዙውን ጊዜ አንድ ሜትር ሳይሞላ ይጠፋል። ዝዋይ ላይ ደግሞ አንድ ስንዝር አካባቢ ነው የሚቀረው። ዝዋይ ሰፊ ግን ጥልቀት የሌለው ስለሆነ ነፋሱ ታች ያለውን ጭቃ ያለ እረፍት ያነሳዋል።

ይህ ቁጥር ለብቻው ብዙ አይናገርም። ጭቃ ነው የጋረደው ወይስ አልጌ የሚለውን አይለይም፤ ለዚያ ጠርሙሱ አለ። ለዓመታት በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ተለክቶ ሲጻፍ ግን ከብዙ ውድ መሣሪያ የበለጠ ይነግረናል። ያንቺ ሰፈር ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ካለው ይህ ለልጆቹ ግሩም ሥራ ነው። የተቀባ የባልዲ ክዳን፣ ክብደት የሚሆን ድንጋይና ገመድ ነው የሚፈልገው። አዋቂ አብሯቸው ጀልባ ላይ ይውጣ፤ ጉማሬ አለና።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄሽ ልምጣ። ለምን በዛ?

እ.ኤ.አ. በ1973 ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ዴቪድ ሺንድለር የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ አንድ ትንሽ ሐይቅ ወገቡ ላይ በፕላስቲክ መጋረጃ ለሁለት ከፈሉ። ቁጥር 226 ይባላል ሐይቁ። ለአንዱ ወገን ካርቦንና ናይትሮጂን ጨመሩለት። ለሌላው ካርቦን፣ ናይትሮጂንና ፎስፈረስ። የመጀመሪያው እንዳለ ቀረ። ፎስፈረስ የጨመሩበት በሳምንታት ውስጥ አረንጓዴ ሆነ። ከአውሮፕላን የተነሳው ፎቶ የታወቀ ነው፤ ግማሹ ጥቁር ሰማያዊ፣ ግማሹ አተር ክክ። ከዚያ በኋላ ብዙ ክርክር ቆመ። አልጌውን የሚያበዛው በዋናነት ፎስፈረስ ነው።

ፎስፈረስ ከየት ይመጣል? ከማዳበሪያ፣ ከሽንት ቤት፣ ከአንዳንድ ሳሙና፣ ጎርፍ ከሚጠርገው አፈር። 1 ኪሎ ፎስፈረስ ሙሉ በሙሉ ጥቅም ላይ ከዋለ እስከ 500 ኪሎ እርጥብ አልጌ ሊያበቅል ይችላል። አንድ ኩንታል ዳፕ ማዳበሪያ ውስጥ 20 ኪሎ ያህል ፎስፈረስ አለ። አባዢው፤ 100 ኩንታል አልጌ ነው። በእርግጥ ማሳ ላይ የተረጨው ሁሉ ሐይቅ አይገባም። አብዛኛው አፈሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ችግሩ አፈሩ ራሱ ሲሄድ ነው። አንድ ሰው ደግሞ በቀን ከ1 ግራም በላይ ፎስፈረስ ከሰውነቱ ያስወጣል። የአንድ ሰው ቢሆን ኢምንት ነው። የአንድ ከተማ ሲሆን ግን፣ ያውም ጉድጓዱ ከሐይቁ በጣት የሚቆጠር ሜትር ላይ የተቆፈረ ከሆነ፣ ሌላ ነው።

ሐዋሳ ላይ የተለየ ነገር አለ፤ ልብ ብለሽ አንብቢው። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ አንድ ነው፤ ጥቁር ውሃ። ሌላው ጎርፍና ዝናብ ነው። ከውስጡ የተወሰነው በመሬት ስር ይሰርጋል፤ ለዚህ ነው ጨዋማ ያልሆነው። አብዛኛው ግን በፀሐይ ይተናል። ፎስፈረስ አይተንም። የገባው ወደ ታች ወርዶ ደለሉ ውስጥ ይቀመጣል። «ሳይደፈርስ አይጠራም» እንላለን ለሌላው ነገር። እዚህ ግን ሲደፈርስ የሚሆነው ሌላ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ሲበርድ፣ ነፋሱም ሲነሳ፣ ላይ ያለው ውሃ ቀዝቅዞ ይወርዳል። የታችኛው ይነሳል። ታች የተቀመጠው ምግብ ተመልሶ ለአልጌው ይቀርባል። በቢሾፍቱ ጥልቅ ሐይቆች ይኸው መገለባበጥ ሌላም መዘዝ አለው። ኦክሲጅን የሌለው የታች ውሃ በድንገት ሲወጣ አሳው በአንድ ሌሊት ሞቶ ሊንሳፈፍ ይችላል። ሰዉ መርዝ የጨመረበት አለ ብሎ ይደነግጣል። የቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር ይጠልቃል፤ ያ ሁሉ ውሃ ታች ታፍኖ የቆየ ነው። ሐዋሳ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 22 ሜትር ገደማ ስለሆነ ያን ያህል አይታፈንም።

«ሊመለስ ይችላል?» ላልሽው ምሳሌ አለኝ፤ ዘመድ ሲያትል ካለሽ ልትጠይቂውም ትችያለሽ። እዚያ ብዙ ሐበሻ አለ፤ በጋ ላይ ዋሽንግተን ሐይቅ ዳር ወጥቶ ሥጋ የማይጠብስ የለም። ያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአካባቢው ከተሞች ፍሳሽ መድፊያ ነበር። ቶማስ ኤድመንድሰን የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር እ.ኤ.አ. በ1955 ሳያኖባክቴሪያ መታየቱን ልብ አለና ወዴት እንደሚሄድ ለሕዝቡ በግልጽ ጻፈ። ሕዝቡ በ1958 ድምፅ ሰጠ። ከ1963 እስከ 1968 ፍሳሹ በትልልቅ ቧንቧ ከሐይቁ እንዲርቅ ተደረገ። ዲስኩ አንድ ሜትር ላይ ይጠፋ የነበረው በ1970ዎቹ ከሦስት ሜትር በላይ መታየት ጀመረ። በኋላም አልጌ የሚበሉ ዳፍኒያ የሚባሉ ጥቃቅን የውሃ እንስሳት ስለበዙ ከዚያም በላይ ጠራ።

ይህን ሳወራ ሰዎች ዓይናቸው ይበራል፤ የኔም ይበራል። ልዩነቱን ግን መደበቅ አልችልም። የሲያትሉ ሐይቅ ወደ ባሕር መውጫ አለው። አሮጌው ውሃ በጥቂት ዓመታት ይወጣና አዲስ ይተካል። የኛው መውጫ የለውም። ዛሬ የሚገባውን ሙሉ በሙሉ ብናቆም እንኳ ታች የተቀመጠው ለዓመታት ማውጣቱን አያቆምም። ስለዚህ ሐዋሳ ላይ የሚያዋጣው ቀድሞ መከላከል ነው። እያንዳንዱ የሚገባ ኪሎ ለረጅም ዘመን የሚከፈል ዕዳ ነው።

ቀድሞ መከላከል ስል ሁለት ነገር ላይ ልቤ ይቆማል። አንዱ ቸለለቃ ነው። ከሐይቁ በስተምሥራቅ፣ ጥቁር ውሃ የሚያልፍበት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሳተላይት ፎቶ ላይ ራሱን የቻለ ትንሽ ሐይቅ ሆኖ ይታይ ነበር። አሁን አብዛኛው ረግረግ፣ ግጦሽና እርሻ ነው። ረግረግ መሬት የወንፊት ሥራ ይሠራል። ውሃው እዚያ ሲደርስ ይዘገያል፤ አፈሩ ይሰጥማል፤ ፎስፈረሱን ሣሩና ደለሉ ይይዙታል። ቸለለቃ በደለል በሞላበት ልክ፣ ከላይ የታጠበው አፈር በቀጥታ ወደ ሐዋሳ ያልፋል። ሁለተኛው ዳሩ ላይ ያለው ፊላና ደንገል ነው። ፊላውን ለከብት፣ ለአጥርና ለጣሪያ ሲያጭዱት፣ ወይም «ሐይቁ ይታይ» ተብሎ ከሆቴል ፊት ሲነቀል ሳይ ያመኛል። ያ ፊላ ግድግዳ ነው። ጎርፉን ያበርዳል፣ ማዕበሉ ዳሩን እንዳይበላው ይጠብቃል፣ የአሳ ጫጩቶች ይደበቁበታል። በቤትሽ በኩል ካለ አታስነኪው። ልብስና መኪና ሐይቁ ዳር ማጠብም ይቅር። ውሃውን ቀድቶ ወስዶ፣ ራቅ ብሎ አጥቦ እጣቢውን አፈር ላይ መድፋት ይሻላል። አፈሩ ብዙውን ያስቀረዋል።

ውሃው ለመጠጥ ይሆናል ወይ ላልሽው አሁን ምክንያቱን ልስጥሽ። አሉም ብትጨምሪበት፣ ወይም የሽፈራው ፍሬ ወቅጠሽ ብትበጠብጪበት፣ ቅንጣቱ ተያይዞ ይሰጥማል። ውሃው ያምራል። ጀርሙ በከፊል ይቀንሳል እንጂ አያልቅም። ብታፈዪው ጀርሙ ይሞታል፤ ይህ እውነት ነው። ማይክሮሲስቲን ግን በመፍላት አይጠፋም። እንዲያውም ሴሎቹ ሲፈነዱ የበለጠ ይለቀቃል። «ውሃ አጋር» የሚባለው የውሃ ማከሚያም ክሎሪን ነው፤ ለጀርም ነው የተሠራው። አረንጓዴ ውሃ ላይ ክሎሪኑ አልጌውን ሲታገል ያልቃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ፍሎራይድ አለ። ይህ የስምጥ ሸለቆ ነገር ነው፤ ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ የሚመጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ላንጋኖም እንዲሁ። ፍሎራይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም። ብታፈዪው ውሃው ይተናል፤ ፍሎራይዱ ይቀራል፤ ይበልጥ ይወፍራል። አንድ ጊዜ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ አንድ መንደር የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ናሙና ልወስድ ሄጄ ነበር። ውሃው ጥልል ያለ ነው፤ ከብርጭቆው መለየት ያቅታል። የቀዳችልኝ ልጅ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። አመሰግናለሁ ስላት ፈገግ አለችና ቶሎ ብላ አፏን በእጇ ሸፈነች። ጥርሷ በልዟል። እዚያ ሰፈር ልጆቹ ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ ወገብና አንገት አልታጠፍ ይላል። ያን ቀን የያዝኩት ብርጭቆ በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ የጠራ ውሃ ነበረበት።

ፍሎራይድን የሚቀንስ ነገር አለ፤ ከተቃጠለ አጥንት የሚሠራ ከሰል ያለበት ማጣሪያ። በትክክል ተሠርቶ በየጊዜው ካልተለወጠ ግን ስሙ ብቻ ነው የሚቀረው። አንቺ ቧንቧ አለሽ። የሚያዋጣሽ ሮቶ ወይም በርሜል ገዝተሽ ቧንቧው ሲመጣ ማጠራቀም ነው። የሐይቁን ውሃ ለወለልና ለሽንት ቤት ተጠቀሚበት። ያንንም ቢሆን ቀድተሽ ከሁለት ቀን በላይ አሳድሪው። ለምን እንደምል አሁን ታያለሽ።

ስለ ዋና። ላንጋኖ ላይ ሰው ሳይሰጋ የሚገባው ቢልሃርዝያ የለበትም ተብሎ ስለሚታወቅ ነው። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ሣርና ተክል ይፈልጋል። ላንጋኖ በዚያ ድፍርስነቱ ብርሃን አያስገባም፤ ውሃውም አልካላይን ነው። ለቀንድ አውጣው አይመቸውም። ሐዋሳ ግን ዳሩ ጠርቶ፣ ተክል በቅሎበት ተመቻችቶለታል። ዓሣ አጥማጆችና የሐይቁ ዳር ልጆች ላይ በሽታው ተገኝቷል። አየሽ፣ ያስፈራሽ ቡናማው ሐይቅ በዚህ ረገድ ከጠራው ይሻላል።

የቢልሃርዝያው ትል ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ብርሃን ሲበረታ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ድረስ ይበዛል። ቆዳ ለመብሳት ደቂቃዎች ይበቁታል። ስለዚህ ጠዋት አልጌው አለ፤ እኩለ ቀን ትሉ። ልጆቹ የግድ መዋኘት ካማራቸው አረንጓዴ በሌለበት ቀን፣ ከጀልባ ላይ፣ ሣር ከሌለበትና ራቅ ካለ ጥልቅ ቦታ፣ ከዋናተኛ አዋቂ ጋር ይሁን። ሲወጡ ወዲያው በፎጣ ፈትጎ ማድረቅ ነው። ጉማሬ የሚውልበትን ቦታ ጀልባ ነጂዎቹ ያውቃሉ፤ ጠይቂያቸው። እኔ የራሴን ልጆች ገንዳ ነው የምወስዳቸው። ውሃ ከሐይቁ ቀድቶ ሁለት ቀን ማሳደሩም ለዚህ ነው። ትሉ ቀንድ አውጣ ካላገኘ እስከዚያ ይሞታል።

ስለ አሳው አልጠየቅሽም፤ ግን ብዪ። ሆድ ዕቃውንና ጉበቱን አውጥተሽ ጣዪ፣ በደንብ እጠቢው፣ አብስዪው። መርዙ ካለ የሚከማችበት ጉበት ላይ ነው። ጥሬውን ይቅርብሽ።

ልጆችሽ ግን እስካሁን ዋኝተው ከሆነ ይህን ነገ ዛሬ አትበዪ። የመጨረሻው ጊዜ ከዋኙ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ሲሞላ ጤና ጣቢያ ውሰጃቸውና የሰገራ ምርመራ ይደረግላቸው። ቀድሞ ሲታይ ላይገኝ ይችላል፤ ትሉ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ጊዜ ይፈልጋል። ምልክት ባይኖራቸውም ውሰጃቸው፤ ቢልሃርዝያ ለረጅም ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ነው ጉበትና አንጀት የሚጎዳው። ከተገኘባቸው መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል። እንክብል ነው፣ በክብደታቸው ተመዝኖ ይሰጣል። ምግብ በልተው ይዋጡት። ለሐኪሙም «ሐዋሳ ሐይቅ ይዋኙ ነበር» ብለሽ ንገሪው፤ ካልነገርሽው ላያስበው ይችላል።